«እምቢ» ማለት ለወሎ ሰው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ በሩ ላይ ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር። ጣጣው ከአግዳሚው ይጀምራል። ሰው ይቀመጥበታል። የተቀመጠ ያወራል። ያወራ አንድ ነገር ይለምናል። እኔ ደግሞ እሺ እላለሁ። እል ነበር ብል ይሻላል።

አሁን እምቢ ማለት ተምሬያለሁ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን ተምሬያለሁ። ይህን ያዩ ጓደኞቼና ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ነገር ስለተደጋገመ እዚህ ጽፌ አስቀመጥኩት። ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ከማውራት ይሻለኛል።

እምቢ ማለት ለወሎ ሰው ነውር አይደለም ወይ?

«ወሎ ገራገሩ» ይሉናል። ደስ ይለናል። ስሙን ላለማጉደፍ ደግሞ እሺታ እናበዛለን። «እሺ ይበልጣል ከሺ» የሚለው ተረት ሲጨመርበት እምቢ ከአፋችን ሳይወጣ ይቀራል።

እስቲ ግን እሺ ብላችሁ ያልሄዳችሁበትን፣ ያላደረሳችሁትን፣ በመጨረሻም ስልክ ያላነሳችሁበትን ቁጠሩ። «እሺ፣ ነገ» እኮ እምቢ ነው። ድፍረት ያጣ እምቢ። ጠያቂው ግን እውነት መስሎት ሌላ ሰው ሳይፈልግ ይቀመጣል። ነውር ካለ እዚህ ላይ ነው።

እኔ የተማርኩት በ2015 ነው። ያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 8 ዋለ፣ ኢድ አልፈጥር ሚያዝያ 13። በመሀሉ አምስት ቀን። ይህ ለደሴ ሰፊ ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው አላስረዳም። በሌላው ጊዜ የክርስቲያኑ ልብስ አልቆ ሲወጣ የሙስሊሙ ይገባል። ያን ጊዜ ሁለቱም በአንድ በር ገቡ። በሁለት ሳምንት እጄ የሚችለው 18 ልብስ ነው። 31 ተቀበልኩ። ሁሉም ጎረቤት፣ ሁሉም ዘመድ፣ ሁሉም «በሞቴ» ያለ ሰው ነው።

የኢድ ዋዜማ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ልኬት የጻፍኩባቸው ሁለት ወረቀቶች ተምታቱብኝ። የአንዷን ልጅ እጅጌ በሌላዋ ልክ ቆረጥኩት። ጨርቅ ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ጠዋት እናትና ልጅ መጡ። ልጅቷ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ለበሰችው። እጅጌው ክርኗ ላይ ቆመ። ጎተተችው። ስትለቀው ተመልሶ ክርኗ ላይ ወጣ። ደግማ ጎተተችው። እናትየዋ ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ «ማሻ አላህ፣ ሸጋ ነው» አለች። ከፈለች። ይዛት ሄደች።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሱቄ መጥታ አታውቅም። ያኔ ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ «ዘንድሮ አልደርስልሽም» ብላት ኖሮ ከበሬ ሃያ እርምጃ ርቆ ሌላ ሰፊ ነበረላት።

እንግዲያው ይሉኝታዬን ልጣለው?

አትጣሉት። ይሉኝታ የሌለው ሰው «ጎረቤት የለኝም» እንዳለ ነው፣ አብሮት መኖር ያስቸግራል። ግን «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የተባለውም በከንቱ አይደለም። እኔ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው የሚፈልገው እኔን ነው ወይስ ማንንም? ማንም ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ቅርብ ስለተገኘሁ ብቻ ከሆነ የጠየቀኝ፣ እምቢ ብለው ብዙም አይጎዳም። እኔን ካለ ግን ቆም ብዬ አስባለሁ።

ሰዓት መቁጠር የፈረንጅ ነገር አይደለም?

ይህን የሚጠይቁኝ ከተማ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ገበሬ እንዲህ አይልም።

አባቴ የተሁለደሬ ገበሬ ነበር። ወንፈል ሲገቡ አይቻለሁ። ዛሬ እሱ የጎረቤቱ ማሳ ላይ ከዋለ፣ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ጎረቤትየው እኛ ማሳ ላይ ይውላል። ቀን በቀን ይመለሳል። ደቦ ሌላ ነው። ደቦ የጠራ ሰው አብልቶ አጠጥቶ ያሠራል፣ እንደ ወንፈል ቀን ቆጥሮ የሚመልሰው ዕዳ የለበትም። አባቴ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ግን የማን ቀን የማን ማሳ ላይ እንዳለ አንዷን ሳይስት ይናገር ነበር። በአጨዳ ሰሞን ሁለተኛ ሰው ሲጠራው «ቀኔ ተይዟል» ይል ነበር፣ አለቀ። የተቀየመው ሰው አላስታውስም። ጤፍ ሲደርስ እንደማይጠብቅ ሁሉም ያውቃላ።

እኛ ከተማ ስንገባ መጠራራቱን ይዘነው መጣን። ቀን መቁጠሩን ግን እዚያው ማሳው ላይ ጥለነው የመጣን ይመስለኛል።

ለቅሶና ቅሬስ? እሱንም እምቢ ልበል?

የለም። ይህን በደንብ መነጋገር አለብን። አንዳንድ ሰው ጊዜዬን ላድን ሲል መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህን ነው።

ቅሬ፣ አዲስ አበባ እድር የሚሉት፣ በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው። ለፋፊ ሲዞር ሱቄን እዘጋለሁ። የተጀመረ ቀሚስ ካለ እዚያው መኪናው ላይ ይቆያል። ደንበኛ ቢመጣ በሩ ተዘግቶ ሲያይ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጊዜ የምቆጥበውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ተቀጣሪ ለሆናችሁ ሕጉም ትንሽ ቦታ ትቶላችኋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋም የጋብቻም ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቀዳል። ጎረቤት ግን እዚያ ውስጥ የለም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ጎረቤት ያልነበራቸው ይመስል።

ይልቅ አለመቀላቀል ያለብን ቀብር መሄድን፣ ለቅሶ መድረስንና ድንኳን ውስጥ መዋልን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግዴታ ናቸው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ወግ ነው። አባቴ ሲሞት ሦስቱን ቀን ቤታችን ሰው መቆሚያ አልነበረውም። ማን ቁጭ ብሎ እንደዋለ አላስታውስም። የማስታውሰው በስምንተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል፣ ሽሮ በድስት ይዛ የመጣችውን ሴትዮ ነው። ቁጭ እንኳ አላለችም። የቆሸሸውን ብርጭቆ አጥባ፣ እናቴን ስማ ሄደች። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ወዲህ እኔም ቀብር እሄዳለሁ፣ እደርሳለሁ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ብቅ እላለሁ። ድንኳን ውስጥ መዋሉን ቀንሻለሁ።

ቡና ጠጪ ስባል እንዴት እምቢ እላለሁ?

አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ተጥዶ በረካ እስኪደርስ ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ጨዋታው ካማረ ሁለት ሰዓት። በቀን ሁለት ቤት ከተጠራችሁ ግማሽ ቀን ሄደ ማለት ነው። አቦልን ጠጥቶ መውጣት ደግሞ አይሆንም፤ በረካን ጥሎ የወጣ ምርቃቱን ጥሎ ወጣ ይባላል።

እኔ ገልብጬዋለሁ። ረቡዕና ቅዳሜ ከአቦል እስከ በረካ እቀመጣለሁ፣ ማንም አያስነሳኝም። በሌላው ቀን ስጠራ «በረካ ላይ እደርሳለሁ» እላለሁ። እደርሳለሁም። አንድ ስኒ፣ ትንሽ ወሬ፣ ምርቃት፣ ውጣ። ጎረቤቴ «የምርቃት ሌባ» የሚል ስም አውጥታልኛለች። ስሙ አይከፋም። መጥራቱን ግን አልተወችም፣ እንዲያውም አሁን ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ልጇን ትልክብኛለች።

በምን ቃል ልበለው? «እምቢ» ብሎ መናገር ይከብደኛል።

«እምቢ» የሚለውን ቃል እኔም አልጠቀምበትም። እምቢ የልጅና የበሬ ነው። አማርኛ ሌላ ስንት አለው! «አይሆንልኝም።» «አልደርስም።» «ዘንድሮ ይለፈኝ።» «እጄ ተይዟል።» «ቀኔ ተይዟል።» እኔ አብዝቼ የምለው «አይሆንልኝም» ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ግን በሩ ይዘጋል።

ሦስት ነገር አስተውያለሁ። አንደኛ፣ ቃሉ ቶሎ ይውጣ። ሰው ልመናውን እየደጋገመ፣ እናንተ አንገታችሁን እየነቀነቃችሁ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ አይሆንልኝም ማለት ማሾፍ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ምክንያት አታብዙ። አንድ ምክንያት ከሰጣችሁ ያምናችኋል። ሦስት ከሰጣችሁ ሦስቱንም ሊፈታላችሁ ይቀመጣል። «ክር አልቆብኝ ነው» አልኩ አንድ ጊዜ። ሰውየው ሄዶ ክር ገዝቶ መጣ። ሰፋሁለት።

ሦስተኛ፣ በጭራሽ «አሞኛል» እንዳትሉ። ይህ ወሎ ነው። አሞኛል ካላችሁ ከሰዓት በኋላ አንዷ አጥሚት ይዛ፣ አንዷ ጠበል ይዛ፣ ሌላዋ ዱዓ ልታደርግ ትመጣለች። የሸሻችሁትን አንድ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትከፍሉታላችሁ፣ ያውም በአልጋ ላይ ሆናችሁ እያቃሰታችሁ።

ምርቃት ጨምሩበት። «አይሆንልኝም፣ ያቅናልሽ።» «ዘንድሮ ይለፈኝ፣ በሰላም ያድርሳችሁ።» ለማኝን እንኳ በባዶ እጅ ስንሸኝ «እግዜር ይስጥህ» ብለን አይደል? እምቢ ማለትን በምርቃት መጠቅለል ድሮም ያለ ነው፣ እኛ የምንከለክለው ጊዜያችንን ሲሆን ረሳነው እንጂ።

«ኢንሻ አላህ» ብሎ ማለፍስ?

አውቃለሁ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይላታል። እኔ ትቼዋለሁ። በእግዜር ስም የማላስበውን ነገር ማለት ይከብደኛል። አንድ ሸህ ደንበኛዬ አሉኝ፣ ልብሳቸውን «ኢንሻ አላህ ሐሙስ» ስላቸው በመነጽራቸው ሥር አይተውኝ «ከአላህ በፊት አንቺ ፈልገሻል ወይ?» ብለዋል። ሐሙስ ሰጠኋቸው።

ከገጠር ዘመድ ሲመጣብኝስ? አስቀምጬ ልሥራ?

ደሴ ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ሰፈሩም በስሙ ሰኞ ገበያ ተብሏል። ለእኔ ደግሞ ሰኞ የአክስቴ ቀን ነው። በጠዋት ትመጣለች። እንቁላል በቅርጫት፣ አንዳንዴ ዶሮ። «ይቺን ጠብቂልኝ» ብላ ሱቄ ውስጥ ታስቀምጥና ገበያ ትወጣለች። ትመለሳለች። አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ከእሷ ጋር ሌሎች ሁለት ይኖራሉ። የመንደሩ ዜና ሁሉ ይወራል፣ ማን አገባ፣ ማን ከማን ጋር በድንበር ተካሰሰ።

ለዚህ እምቢ የለም። አክስቴ እኮ ናት፣ በዚያ ላይ የሁለት ሰዓት መንገድ መጥታ ነው።

ስለዚህ ሰኞ ጨርቅ አልቆርጥም። ልኬትና መቀስ ጭንቅላት ይፈልጋሉ፣ ያየነው ነው። ሰኞ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ይህ ሁሉ አፍ እያወራ እጅ የሚሠራው ነው። በሳምንቱ የሚጠራቀመውን የእጅ ሥራ ሁሉ ለሰኞ አቆየዋለሁ። አክስቴ «ዛሬ ሥራ የለሽም፣ ጥሩ ቀን መጣሁ» ትለኛለች። ሰኞ ማታ አሥራ አምስት ልብስ ቁልፍ ገብቶለት ተሰቅሏል።

ሥራችሁ ስፌት ካልሆነም የሁላችሁም ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። ሰው ፊት የሚሠራ አለ፣ በር ተዘግቶ የሚሠራ አለ። የሰው ቀን ላይ የመጀመሪያውን አድርጉት።

ለትልቅ ሰው፣ ለአባት፣ ለእናት እንዴት አይሆንልኝም ይባላል?

ከቃሉ ይልቅ አኳኋኑ ነው የሚታየው። ቁጭ ብሎ፣ ዓይን ጨርቅ ላይ አድርጎ «ዛሬ አይሆንም» ማለት ንቀት ነው። እኔ መኪናውን አቆማለሁ። እነሳለሁ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ አይሆንልኝም። ሐሙስ ከሰዓት እኔው ራሴ ቤት ድረስ አመጣልዎታለሁ።» ቀኑን መናገር ግዴታ ነው። «ሌላ ጊዜ» ካልኩ መቼ እንደምመጣ ሳያውቁ ይጠብቁኛል።

እናት ግን ሌላ ነች። እናቴን እምቢ ማለት አልቻልኩም፣ ምክር የለኝም። ብቻ አንድ ጊዜ «እማ፣ አሁን ልምጣ ወይስ ማታ ሱቅ ዘግቼ ተረጋግቼ ልምጣ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ማታ» አለች። ከዚያ በፊት ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ስብሰባ ላይ ኮሚቴ አድርገው መረጡኝ። ምን ላድርግ?

የሰርግ ኮሚቴ፣ የቅሬ ጸሐፊ፣ የወላጅ ኮሚቴ፣ የእቁብ ሰብሳቢ። ጽሑፏ ያማረ፣ ቁጭ ብላ የምትሰማ ሴት ካለች ሁሉም እሷ ላይ ይወድቃል። እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል። ዝም ካላችሁ ተስማምታችኋል።

እዚያው ተናገሩ፣ እጅ አውጡ። ቤት ገብቶ በስልክ መልቀቅ ስብሰባውን በሙሉ ማስቀየም ነው። እኔ የቅሬ ጸሐፊ ሁኚ ሲሉኝ ተነስቼ «አንድ ዓመት እሠራለሁ፣ በሚቀጥለው መስከረም መዝገቡን አስረክባለሁ» አልኩ። መስከረም ሲደርስ አስረከብኩ። ሰው ሁሉ የገረመው ማስረከቤ ነው። ቀድሞ የነበሩት ጸሐፊ ስንት ዘመን እንደያዙት የሚያስታውስ አልነበረም።

አለቃዬ በየቀኑ ትርፍ ሰዓት ያሠራኛል። እምቢ ማለት እችላለሁ?

ይህ ጥያቄ ከኮምቦልቻ የፋብሪካ ልጆች ነው የሚመጣው። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ግን የታወቀውን ልንገራችሁ። በአዋጅ 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። እሱም ቢሆን በፈለገ ጊዜ ሁሉ የሚታዘዝ አይደለም፤ አደጋ ሲደርስ ወይ ሲያሰጋ፣ ከአቅም በላይ ነገር ሲፈጠር፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ የማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛን ለመተካት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ትርፍ ሰዓት አትሠራም።

ክፍያውም ይለያል። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። ማታ ማታ ሰዓታችሁን በትንሽ ደብተር ጻፉት። ቀን፣ የገባችሁበት፣ የወጣችሁበት። ደብተር ያለው ሰውና «በጣም እየሠራሁ ነው» የሚል ሰው አለቃ ፊት እኩል አይሰሙም። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ሕጋችሁ ሌላ ነው፣ ይህን አትያዙት።

ዋስ ሁኚኝ ብሎ ሰው ቢለምነኝስ?

ከጊዜ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ዋስ ሆኖ ፍርድ ቤት ደጅ የተመላለሰ ሰው ጠይቁ።

እሺ ለማለት ከወሰናችሁም እያነበባችሁ ፈርሙ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ ይሁን ይላል፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም መጠቀስ አለበት፤ ካልተጠቀሰ ውሉ አይጸናም። «በአንድነትና በነጠላ» የምትል ሐረግ ካያችሁ ደግሞ ቆም በሉ። ባለዕዳው ሳይነካ በቀጥታ እናንተ ጋ መምጣት ይቻላል ማለት ነው። እኔ አንድ መስመር አለኝ፦ «ዋስ የምሆነው ብከፍለው ለማይቆጨኝ ገንዘብና ሰው ብቻ ነው።» እንዲህ ስላቸው ይስቃሉ። ከዚያ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።

ስልክና ቴሌግራምስ?

ልኬትና ቁርጥ ላይ ስሆን ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ነው። የሞተ ሰው ቢኖር ለፋፊ አለ።

ለምን እንደማተርፈው ሳላውቅ ጊዜ ቆጥቤ ምን ይጠቅመኛል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን እምቢ ማለት የሚያቅተን በፋንታው የምንይዘው ነገር ስለሌለን ይመስለኛል። ባዶ ሰዓትን ማንም ይወስዳል፣ ባለቤት የለውማ።

እኔ አንድ ሳምንት ልኬት የምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ ሰዓቴን ጻፍኩ። ስፌት፣ ቡና፣ ስልክ፣ የሰው ጉዳይ፣ ልጄ። የሰው ጉዳይ ማለት «አንዴ አብረሽኝ ቀበሌ እንሂድ»፣ «ይቺን ማመልከቻ ጻፊልኝ»፣ «እስክመለስ ሱቄን እያየሽልኝ» ነው። እሁድ ማታ ደመርኩት። የሰው ጉዳይ 11 ሰዓት። ልጄ 2 ሰዓት።

ልጄ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፣ የሚኒስትሪ ተፈታኝ። ሒሳብ አልገባት ብሎ በየማታው ደብተሯን ይዛ እኔ መኪና አጠገብ ትቆማለች። «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» እላታለሁ። ቆማ ቆማ ትተኛለች። አንድ ማታ ሥራ ጨርሼ ቀና ስል አግዳሚው ላይ ተኝታለች፣ እርሳሱ በእጇ እንዳለ። ደብተሩን አየሁት። ጥያቄውን ገልብጣዋለች፣ ከሥሩ ባዶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት የእሷ ነው። ሱቁ ክፍት ቢሆንም መኪናው ይቆማል። ደንበኛ ሲገባ «ከ2 ሰዓት በኋላ» እላለሁ። እኔም ሒሳቡን ረስቼዋለሁ፣ አብረን ነው የምንማረው፣ አንዳንዴ እሷ ናት የምታስረዳኝ። ለዚህ ሰዓት ስል እምቢ ማለት አይከብደኝም። ለሌላው ሰዓት ግን አሁንም ይከብደኛል።

ቢቀየሙኝስ?

የሚቀየም ይኖራል። ሁለት ደንበኛና አንድ የሩቅ ዘመድ ተቀይመውኛል። አንዷ ደንበኛ በሦስተኛው ወር ተመለሰች፣ ሌላኛዋ አልተመለሰችም። ዘመዴ በጥምቀት ሰላም አለኝ፣ በአንድ እጅ።

ቂሙ ከከረረ ሽማግሌ ይገባል። ወሎ የሽማግሌ አገር ነው፣ አበጋር የምንላቸው አስታራቂዎች ስንት ደም ያደረቁበት። «ቀሚሴን አልሰፋችልኝም» የሚለውን ማስታረቅ አያቅታቸውም። ግን እውነቱን ለመናገር ሰው የተቀየመኝ አይሆንልኝም ስላልኩት አይደለም። ዘግይቼ ስላልኩት ነው።

እኔን እምቢ ሲሉኝስ እንዴት ልቀበለው?

ይህን የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ግን ተደጋግሞ መጠየቅ የነበረበት እሱ ስለሆነ ጨመርኩት።

አምና ኅዳር ላይ መቁረጫ ጠረጴዛ ፈልጌ ሰፈራችን ያለ አናጢ ጋ ሄድኩ። እንጨት እየላገ ነበር። ቆመልኝ። «እትዬ፣ እስከ ጥምቀት ቀኔ ተይዟል። ከጥምቀት በኋላ ከሆነ እሠራልሻለሁ፣ ካስቸኮለሽ ወንድሜን ልጠቁምሽ» አለኝ። መጀመሪያ ከፋኝ። እኔን! ጋቢውን በነጻ የዘመዘምኩለት ሰው! መንገድ ላይ ስመለስ ግን ሳቄ መጣ። የራሴን ቃል ነው የመለሰልኝ፣ ያውም ከእኔ አሳምሮ።

ጠበቅኩት። ጠረጴዛው ጥር 20 መጣ፣ ባለው ቀን። አንድ እግሩ ትንሽ ያጥራል፣ ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አድርጌበታለሁ።